እጅ የሚደርስበት ምድጃ

አልጣሽ ሐሙስ ሰቆጣ እንደምትገባ የተናገረችው በመንግሥቴ ሱቅ ስልክ ነው። ወንድሟ ጓንጉል የስልኩን እጀታ ለባለሱቁ መልሶ ሲወጣ ሊገዛ የመጣውን ጨው ረስቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ዳገቱን ተያያዘው። አንዲት እህቱ ከስንት ዘመን በኋላ ከጅዳ ልትመጣለት ነው፤ ደስ ሊለው በተገባ። ደስ ግን አላለውም። እናታቸው የሺመቤት ከሞተች ወራት አልፈዋል፤ አልጣሽ ደግሞ አታውቅም።

ይህን ክፋት ነው የሚል ሰው ካለ የዋግን ወግ አያውቅም ማለት ነው። በሰው አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌውና ዘመዱ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ በግራ በቀኝ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ልጅ፣ እመቤቷ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ ብትሰማ ማን ይይዛታል? ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ስለዚህ አጎታቸው አባ ወልደ ጻድቅ ገና ከቀብር መልስ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡ፣ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ እስክትገባ ድረስ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል አዘዙ። ሰውም አልተነፈሰም።

ለሰው ቀላል ነው፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር መዋሸቱ የደረሰው ለጓንጉል ነው። መጀመሪያ እማዬ ተኝታለች አለ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አለ። ውሸት ሲያልቅበት ሩቅ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ደግሞ ስልክ የለም አለና እናቱን እዚያው ጸበል ላይ ትቷት ቀረ። ጓንጉል ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጅዳ ድረስ ጆሮው እንደማይታይ እያወቀ እንኳ ስልኩን በያዘ ቁጥር ጆሮውን በእጁ ይሸፍን ነበር።

አሁን ግን ልጅቷ ራሷ ልትመጣ ነው። መርዶው አርብ ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ተወስኗል። ሐሙስ ገብታ፣ በልታ፣ ደክሟት ትተኛለች፤ በማለዳው አባ ወልደ ጻድቅ ሰውን አስከትለው ይመጣሉ። በሐሙስና በአርብ መካከል ያለችውን ያችን አንዲት ቀን ማሳለፍ ነው እንግዲህ የጓንጉል ሥራ። ያችን ቀን ደግሞ አልጣሽ የምታርፈው በእናቷ መኝታ ክፍል ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያ ምድጃ አለ።

ስለ ምድጃው መናገር ያስፈልጋል። የሺመቤት ቁርጥማት ነበረባት፤ የዋግ ውርጭ ደግሞ ቁርጥማት ያለበትን ሰው ለይቶ የሚያጠቃ ይመስላል። አንድ ዓመት ጥቅምት ሲገባ ከእንግዲህ ያለ እሳት አላድርም አለች። ጓንጉል ድንጋይ አምጥቶ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ፣ ከክፍሉ መሀል ላይ ሊሠራላት ሲጀምር መደቧ ላይ በጀርባዋ ተጋደመችና ቀኝ እጇን ዘረጋች። ጣቷ ያረፈበትን ቦታ አሳይታ እዚህ አለችው። እማዬ እዚህ እኮ መሀልም አይደል፣ ጥግም አይደል፣ መተላለፊያ ላይ ነው ቢላት፣ “ተነሥቼ የምቆሰቁሰው ከሆነማ ምኑን ተኛሁት” አለችው። ከዚያ በዋጉ አገውኛ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ሁለት ነገር ጨመረችበት፤ በኽምጣኛ ከተናገረች ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ምድጃው ስለዚህ ቦታውን የሳተ ሆኖ ቀረ። ከበሩ ወደ መደቡ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይጋጨዋል። የነፍስ አባቷ እንኳ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር እግራቸውን መትተው ነው የሚቀመጡት። የሺመቤት ትስቃለች፤ ተኝታ እጇን ልካ ፍሙን ገለጥ ታደርጋለች፣ እንጨት ትጨምራለች፣ መልሳ አመድ ታለብሰዋለች። ከሞተች በኋላ ግን ማንም እሳት አላነደደበትም። የጓንጉል ሚስት ሠርካለም ሽንኩርት ታሰጣበት ጀመር፤ ቆይቶም አንዲት ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለችበትና ምድጃው የዶሮዋ ሆነ።

በዚህ ላይ አልጋው መጣ። አልጣሽ እናቷ ገና በሕይወት ሳለች ከእሷ ጋር የምትተኛበት ሰፊ አልጋ እንዲሠራላት አዛ ነበር፤ አናጺው ቢምረው ደግሞ አንድ አልጋ ሲሠራ አንዲት ጥጃ ተወልዳ ላም የምትሆንበት ሰው ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ የጨረሰው በዚያው ሳምንት ነው። ማክሰኞ በሸክም አስመጥቶ፣ በር ላይ ፈትቶ፣ ውስጥ ሊገጥመው ሲል አልጋው ከመደቡ ፊት ለፊት ቢቆም ምድጃው ሆዱ ላይ ገባ። ቢያዞሩት እግሩ ላይ ገባ። ቢምረው ሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ወይ ምድጃው ይነሣ ወይ ግድግዳው ይሂድ ብሎ ፈረደ። ሠርካለም ምድጃው ይነሣ አለች። ስንት ጊዜ የእግሯን አውራ ጣት እንደመታት የምታውቀው እሷ ናት። ደግሞ አሁን ለማን ይቀመጣል፣ አፍርሰውና እንገላገል አለችው።

ጓንጉል ዶማውን አነሣ። ፊት ያለችውን ድንጋይ ነቀላት፣ ሁለተኛዋንም ነቀላት። የጠቆረው ጭቃ ሲፈነቀል ያ የጭስና የቅባት ሽታ ከውስጡ ወጣ፤ እናቱ ወደ ክፍሉ የገባች መሰለው። ዶማውን ጣለና ወጣ። በረት ሄደ፣ ምንም አላደረገም፣ ተመለሰ። ዶማውን አነሣ፣ አየው፣ መልሶ ጣለው። ቢምረው እዚያው ቆሞ አልጋው ይገጠም ወይስ አይገጠም እያለ ይጠይቃል።

በዚህ መሀል አባ ወልደ ጻድቅ ደረሱ። ከደጃፉ የተነቀሉትን ድንጋዮች ሲያዩ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

“አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?”

“አልጋው አልገባ ብሎ ነው አባ።”

“እናትህ ይህን ምድጃ በሕይወት እያለች ታስነካህ ነበር?”

“አታስነካኝም።”

“እንግዲያ ልጅቷ ገብታ ባዶ መሬት ስታይ ምን የምትል ይመስልሃል? አንተ በአፍህ የደበቅኸውን በዶማህ ልትነግራት ነው?”

ጓንጉል ጆሮው ቀላ። አባ ወልደ ጻድቅ እስከ አርብ ጎህ ድረስ ከዚህ ቤት አንዲት ጠጠር ቦታዋን እንዳትለቅ፣ ሠርካለምም ጥቁሯን አውልቃ ደህና ልብስ እንድትለብስ፣ ጎረቤትም ፊቱን እንዲፈታ አዘዙና ሄዱ። ቢምረው አልጋውን ፈትቶ ከውጭ ግድግዳ ጋር አስደገፈው። ዶሮዋም ተባረረች።

ጓንጉል ረቡዕን ሙሉ ድንጋዮቹን ሲመልስ ዋለ። አዲሱ ጭቃ ከአሮጌው ጋር አልመሳሰል አለው፤ አሮጌው የጠቆረ፣ አዲሱ ቀይ ነው። አመድ ቀባው፣ ጥላሸት ቀባው፣ ርቆ አየው፣ ቀርቦ አየው፣ አሁንም ቁስል መሰለው። ሠርካለም ማንም አያየውም ብትለው አልሰማትም። ሐሙስ ጠዋት ጭቃው ገና እርጥብ ስለነበር እንዲደርቅ ብሎ ትንሽ ጭራሮ አነደደበት። ጭሱ ጣሪያውን ነክቶ በክፍተቱ ወጣ፤ ክፍሉ ሞቀ፤ የሽንኩርቱና የዶሮዋ ሽታ ጠፋ። ጓንጉል ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ መለስ አለለት።

ሐሳቡ የመጣለትም ያኔ ነው። ቀዝቃዛ ምድጃ ለምን ታያለች? እሳት ካለ ቤቱ ቤት ይመስላል። እማዬ ከጸበል ነገ ጠዋት ትገባለች እላታለሁ፤ አልጣሽም እሳቱን እየሞቀች ትተኛለች፤ ነገን ደግሞ አጎቴ ያውቃሉ። ጓንጉል በዚህ ብልሃቱ እጅግ ተደሰተ። ጭራሮውን አንሥቶ የወይራ ጉማጅ አስገባበት፤ እናቱ የምትወደው ወይራ ነበር። ሠርካለም በሩ ላይ ቆማ አየችውና እኔ ፈራሁ፣ ይቅርብህ አለችው። የሴት ፍርሃት ነው ብሎ አለፋት። ስንት ሥራ ሲበላሽ ያልሰማትን ሚስቱን ያን ቀን ቢሰማት ምን ነበረበት።

አውቶቡሱ አመሻሽ ላይ ይደርሳል ሲባል እኩለ ቀን ላይ ዱብ አለ። ከኮረም በኩል የሚመጣ መኪና በጊዜው ገብቶ የማያውቅ ዛሬ ቀድሞ መግባት አማረው። ልጅቷ እንደደረሰች ድካም እንዲጥላት የታቀደው ሁሉ ፈረሰ፤ ገና ሙሉ ከሰዓት አለ። ጓንጉል መናኸሪያ ሲደርስ አልጣሽ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስታለች፤ ጥቁር ሻርፕ ጭንቅላቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ፤ ይህ ለቅሶ የናፍቆት ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ዳገቱን ሲወጡ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀችው። ስለ እናቷ አልጠየቀችም። ጓንጉል ይህን እግዜር የሰጠው እረፍት አድርጎ ቆጠረው፤ ለምን እንዳልጠየቀች ግን አንዴም አልመጣለትም።

ጎረቤት ተሰብስቦ ጠበቃት። ሁሉም እንኳን ደህና መጣሽ ይላል፣ አገላብጦ ይስማታል፣ ዓይኗን ግን የሚያይ የለም። አንዳንዷ ከሳመቻት በኋላ ፊቷን በነጠላዋ ጥላ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። አልጣሽ ሁሉንም በትዕግሥት ሳመች፣ የቀረበላትን ቀመሰች፣ ጠላውንም ጎንጨት አለች። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣ ተነሣች።

“እስቲ የእማዬን ክፍል ልየው” አለች።

ጓንጉል ተከተላት። በሩ ላይ ስትደርስ አልከፈተችውም፤ እጇን መቃኑ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሊገባ እንደሚል ሰው አየር ሳበች። ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎት ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በሩን ገፋችው።

እሳቱ ደህና ተያይዞ ነበር። ወይራው ቀልቷል፤ ክፍሉ ሞቋል። አልጣሽ ቆማ አየችው። ትከሻዋ ወረደ፣ ያ ጥብቅ ያለ ፊቷ ተፈታ፣ አፏ ተከፈተ፤ ከዚያ ሳቀች። ጓንጉል እህቱ እንዲህ ስትስቅ ከልጅነቷ ወዲህ አላየም።

“ይነዳል” አለች። “ጓንጉል፣ ይነዳል እኮ።”

ሻርፗን ከጭንቅላቷ ፈትታ ወረወረችው። ሮጣ ሻንጣዋን አምጥታ መደቡ ላይ ከፈተች፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ በትና ከሥር አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣች። ላምጣው፣ አላምጣው እያልኩ ነበር ያመጣሁት አለች ለራሷ። እናቷ በምትተኛበት በኩል ዘረጋችው፣ ጫፉን አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች። እያወራች ነው፤ አፏ አልዘጋ አለ። ክፉ አሳቢ ነኝ፣ በሰው አገር ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ሌሊት ሌሊት ስንቱን ነው የማስበው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ ትላለች። ጓንጉል መሀሉን የሳተው ምድጃ ጋ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ።

“አሁን ነው የወጣችው? የት ሄደች?”

“ነገ... ነገ ጠዋት ትመጣለች። ጸበል...”

“ነገ? እሳት አንድዳ ትታ? እማዬ?” እንደገና ሳቀች። “ኪዳነ ምሕረት ሄዳ ነው። ወይ ደግሞ ልታስደነግጠኝ ጓሮ ቆማለች። ደብቃችኋት ነው አይደል ሰው ሁሉ ፊቱን እንዲያ የሚያዞርብኝ?”

መልስም አልጠበቀች። በጓሮ በር ወጣች። “እማዬ” ስትል ጓንጉል ከውስጥ ሰማት። ከበረቱ ዞራ “እማዬ፣ መጣሁልሽ እኮ” አለች። በአጥሩ ማዶ የነበሩት ሴቶች አንዷ ከአንዷ ኋላ ተደበቁ። ሠርካለም ማጀት ገብታ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋች። ከበረቱ ወደ ጎተራው፣ ከጎተራው ወደ መንገዱ፣ ድምፁ ዞሮ ዞሮ መጣ፤ በመጣ ቁጥር ደስታው እየጨመረ፣ እንደ ሕፃን እየሆነ ሄደ።

ጓንጉል እስከ አርብ ጎህ ያለውን ጊዜ በሐሳቡ ቃኘው፤ ዳር የለውም። አጎቱ ያዘዙትን አሰበ፣ የሚይዟትን ክንዶች አሰበ። እኒያ ክንዶች የሚመጡት ነገ ነው፤ ልጅቷ ግን ዛሬ፣ አሁን፣ የሞተች እናቷን ስታሳድድ ጓሮውን እየዞረች ነው። የሰደዳት እሱ ነው፤ እሱና ያ ብልሃቱ። ወጣ። መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልትወርድ ስትል ደረሰባት።

“አልጣሽ።”

ዞረች። ፊቷ በሙሉ ሳቅ ነበር።

“እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ” አላት።

ሌላ ነገር አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገም። አልጣሽ አየችው። ሳቁ ወዲያው አልሄደም፤ የሚሄድበት የጠፋው ይመስል ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በአጠገቡ አልፋ ወደ ቤት ተመለሰች፣ እናቷ ክፍል ገባች፣ ምድጃው እግሯን መታት፣ መደቡ ጫፍ ላይ በዘረጋችው ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ጓንጉልን አስፈራው፤ ስትወድቅ ሊይዛት ፈልጎ ነበር፣ የሚይዘው አጣ።

አባ ወልደ ጻድቅ የተጠሩት በሩጫ ነው። ከኋላቸው ሰው ተግተልትሎ ገባ። ለአርብ ጎህ ያዘጋጁትን ቃል በአፋቸው ይዘው መጥተው ነበርና ጀመሩት፤ ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው፣ አሉ። አልጣሽ ቀና ብላ ስታያቸው ግን ቃሉ እንዳለፈበት ገባቸው፤ ንግግሩን ትተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

“እኔ እኮ አውቄ ነበር” አለች። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። የምትናገረው ለአጎቷ አልነበረም፤ ለጓንጉል ነው። “ከጥምቀት ወዲህ ድምጿን አሰማኝ ስልህ አላሰማኸኝም። ምን የማይገባኝ አለ? ሽንት ቤት ውስጥ ቧንቧ ከፍቼ፣ እመቤቴ እንዳትሰማኝ፣ ብቻዬን አልቅሼላታለሁ። አውሮፕላን ላይ አልቅሻለሁ። ኮረም ስደርስ ጨረስኩት ብዬ ፊቴን ታጠብሁ። ክፍሏን ባዶ አገኘዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁ። ባዶ ቢሆን ችዬው ነበር።”

“እንዳትደነግጪ ብዬ...”

“ቀብሬያት ነው የመጣሁ፣ ጓንጉል። አንተ አስነሣሃት። እስከዚያ መንገድ ጫፍ ድረስ እናት ነበረችኝ።”

የጓንጉል ጆሮ አልቀላም፤ ፊቱ ነው አመድ የመሰለው። አንዲት ጎረቤት ነገሩ የከበዳት ሙሾ ልታወጣ ስትል አልጣሽ እጇን አነሣችና አስቆመቻት። ወይራው አሁንም ይነዳል። እሳት ምን ያውቃል፤ እንደተነገረው ደህና አድርጎ ይነድ ነበር።

“አጥፋው” አለችው። “አንተ አንድደኸዋል፣ አንተው አጥፋው።”

ውሃ ሊያመጣ ዘወር ሲል አባ ወልደ ጻድቅ ክንዱን ያዙት፤ በሞተ ሰው ምድጃ ላይ ውሃ አይፈስም አሉት። ስለዚህ ጓንጉል ተንበረከከና ጉማጆቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። በተሰበሰበው ሰው መሀል እየተሸከመ እያወጣ ከደጅ አቧራ ላይ ይጥላቸዋል፤ ሰው ቦታ ይለቅለታል፣ ማንም አያግዘውም። ጣቱን አቃጠለው፤ ማንም እንዲያይለት አልፈለገም። ደጅ ባወጣው ቁጥር ይጨሳል፣ ጭሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሁሉም ዓይኑን ይጠርጋል። ጉማጁ ሲያልቅ ፍሙን በአመድ አለበሰው፤ እናቱ ታለብስ እንደነበረው ሳይሆን፣ እፍን አድርጎ፣ ተጭኖ፣ መልሶ እንዳይነሣ አድርጎ።

አልጣሽ ከመደቡ ሳትነሣ ጠበቀችው። የመጨረሻው ቀይ ነጥብ ጠቁሮ፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ፣ ወንድሟ በጉልበቱ ላይ እንዳለ እጁን ጭኑ ላይ ጠርጎ ቀና ብሎ እስኪያያት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እናቷን ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።